ገበታው ለማን

ራቪሮ ከሰልፉ ኋላ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍ ለማየት ከማታንዳ መንደር ወደ ተራራው የሚወጣው ሰልፍ ፊቱ መሪው አርሊንዶ ነው፣ ጭራው እሷ፤ መሐሉን እንግዳ ይሞላዋል። እንዲህ ለያይተው መመደባቸው ደግ ነው። ጎን ለጎን ቢያስኬዷቸው ኖሮ አገር በሙሉ ወፉን ትቶ እነሱን ያይ ነበር።

ሥራዋ የደከመ እንዳይቀር፣ ከመንገድ የወጣ እንዳይጠፋ ከኋላ መጠበቅ ነው። ከፊት አርሊንዶ ክንዱን ሲያነሳ ሰልፉ ይቆማል። መዳፉን ወደ መሬት ሲጫን ሁሉም ቁጢጥ ይላል። የሚጮህ የለም፤ ወፍ ጯሂ አይወድማ። ለራቪሮም የተመቸ ሥራ ነበር ይባላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጥቁር ለብሳለች፤ ጥቁር የለበሰች ሴት ደግሞ ድምጿን አታነሳም፣ ወንድ አትጨብጥም፣ ከማንም ፊት አትቀድምም። የሐዘኑ ሕግና የወፉ ሕግ አንድ ሆነና የመንደሩ ሰው «እሷስ ለዚህ የተፈጠረች ናት» አለ። ሰው ታስሮ እያየ ገመዱ አማረባት የሚል መቼም አይጠፋም።

ጥቁር የለበሰች ሴት ከወንዶች ጋር ጫካ ለጫካ ብቻዋን አትዞርም። ስለዚህ ከእንግዶቹ መሐል የባሏ አክስት ቴቴ ኤሜሬንሲያ አለች። በዚያ አገር የአባት እህት ቴቴ ትባላለች። ወንዱ የቤቱ ጌታ ነው ይበሉ እንጂ ቴቴ ስትገባ ጌታው ተነስቶ ወንበር ይለቃል። ይህችኛዋ የወንድ ካፖርት ደርባ፣ በዱላ እየተመረኮዘች፣ ሱረቷን ባፍንጫዋ እየሳበች ትወጣለች። አንድ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም፤ ቀርታ ቢሆን ደስ የሚላት ራቪሮ ነበረች።

«እቺን ቁራጭ ወፍ ለማየት ነው ከሙታሬ ከተማ ድረስ ነዳጅ ያቃጠላችሁት?» አለች ያን ቀን፣ አቅርቦ ማያ መነፅር ያንጠለጠለች አንዲት የከተማ ነርስ ላይ አፍጥጣ። «የእኔ ጣሪያ ሥር መንጋ አለ። ራቴ ላይ ነው የሚያራግፈው።»

«እማማ፣ የዛሬዋ ሌላ ዓይነት ናት። ብርቅ ናት።»

«ወፍ ወፍ ነው፣ ወንድም ወንድ ነው። ልዩነት የሚታያችሁ ገና ስላልደከማችሁ ነው።»

ነርሷ ሳቋን በመነፅሩ ሸፈነች። ራቪሮ ግን አልሳቀችም። ቴቴ «ወንድ» ስትል ዞራ ያየችው እሷን ነበር።

ጸደይ ገብቷል። የሙሳሳው ዛፍ አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ አረንጓዴ ከመሆኑ በፊት እንደ ደም ይቀላልና ኮረብታው ሁሉ ያፈረ ፊት መስሏል። ጉሙ ከሣሩ ላይ ሲነሳ አርሊንዶ ክንዱን አነሳ፤ ቀጥሎ መዳፉን ወደ መሬት ተጫነ። ሁሉም ቁጢጥ አለ፣ ቴቴም እያጉተመተመች።

ከፊታቸው ሜዳው ላይ አዋልዲጌሳ የሚባለው ምስጥ በል አውሬ ቆፍሮ የተወው የቆየ ጉድጓድ አለ። ከሰማዩ አንዲት ሰማያዊ ወፍ ወረደች፤ ጭራዋ ሁለት ክር የመሰለ፣ ላባዋ እንደ ተወለወለ ብረት የሚያበራ። ሣሩን ታክካ በረረችና ጉድጓዱ ውስጥ ጥልቅ አለች።

«ገብታለች፣ አትንቀሳቀሱ» አለ አርሊንዶ በሹክሹክታ። «ጎጆዋ መሬት ውስጥ ነው። ከሩቅ ሰሜን ነው የመጣችው፣ ለዚህች ጉድጓድ ብላ።»

ሁሉም ጉድጓዱን ሲያይ አርሊንዶ ብቻ ሌላ ያይ ነበር። በሰዉ ራስ ላይ አሻግሮ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ እሷን። ራቪሮ ዓይኗን ሰበረች፤ ግን ዘግይታ ነው የሰበረችው።  ወዲያው ደግሞ በወፊቱ ተናደደች። ያን ሁሉ ሰማይ ይዛ መጥታ መሬት ሥር የምትቀበር ሞኝ! ማን አስገደዳት?

ዕረፍት ላይ እንግዶቹ የተቀቀለ ስኳር ድንች እየላጡ ሻይ ሲጠጡ ቴቴ ዛፍ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። አርሊንዶ ሰው የሚቆጥር መስሎ ወደ ኋላ መጣ።

«ቴቴ ተኝታለች?»

«ቴቴ አትተኛም። ዓይኗን ታሳርፋለች እንጂ።»

«ራቪሮ፣ ከቺፒንጌ ጥሪ መጣልኝ። ታች ቆላ ላለው ትልቅ ጫካ እንግዳ የሚመራ ሰው ይፈልጋሉ። ቤትም አለው።»

«እንኳን ደስ ያለህ።»

«ይኸው ነው የምትይኝ?»

«ምን ልበል? እልል ልበልልህ? ጥቁር ለብሻለሁ፣ እልል አልልም።»

«አብረን እንሂድ።»

እንዲህ ብሎ በግልጽ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በፊት ዓይን ነበር፣ የተቆረጠ አበባ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ሳይጠራ ኋላ መጥቶ የሚዘረጋ ጃንጥላ ነበር። ራቪሮ የጥቁር ቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ናካይስ?»

«ትምጣ።»

«እንደማትመጣ ታውቃለህ። ልጄ የአባቷ ወገን ናት። እኔ ብቻዬን ብሄድ በር ይከፈትልኛል። እሷን ይዤ ብወጣ አገር ይከተለኛል።»

«እንግዲያ ውሃውን ለዲክሰን ልትሰጪ ነው?»

የሚጠይቀውን ታውቃለች። የሙት ዓመቱ ደርሷል። የዳጉሳው ጠላ ተጠንስሷል። ኅዳር፣ ያ የፍየል ወር የሚሉት፣ ከገባ ድግስም ጋብቻም የለምና ከዚያ በፊት ይፈጸማል። ጥቁሩን ያወልቁላታል፤ ውሃ የሞላ የእንጨት ገበታ ያስይዟታል፤ የሟቹ ወገኖች ምንጣፍ ላይ ይደረደራሉ፤ ውሃውን የሰጠችው ሰው እጁን ይታጠብና ባሏ ይሆናል። የባሏ ታናሽ ወንድም ዲክሰን ከአሁኑ እጁን አዘጋጅቷል።

«እኔም ወግ ቢኖረኝ» አለ አርሊንዶ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ «ሽማግሌ ብልክ…»

«ማን አለህና ነው የምትልከው?»

ሐዘኔታዋ ነበር በዚህ ቃል ሊወጣ ያለው፤ ግን ቃሉ እንዳሰበችው አልወጣም። የአርሊንዶ አያት ከሞዛምቢክ ተሻግሮ ሻይ ሲለቅም ያረጀ ሰው ነው። ልጆቹ ከሻይ እርሻው ሰፈር ተወለዱ፣ እዚያው አረጁ። «ጎሳህ የማን ነው? አንበሳ ነህ፣ ዝንጀሮ ነህ?» ሲሉት አርሊንዶ «የወፍ ነኝ» እያለ ያስቃቸዋል። ሰው የሚስቅበትን ነገር ቀድሞ የሚስቅበት ምን ያህል ቢያመው ነው! አሁን ግን አልሳቀም። ፊቱ እንደ በር ተዘጋ።

«ማንም የለኝም» አለ። «ልክ ነሽ።»

ሄዶ ከፊት ቆመ፣ ክንዱን አነሳና ሰልፉን አስነሳ። እስከ ታች ድረስ አንዴም ወደ ኋላ አልዞረም። ራቪሮ ያን ሁሉ ቁልቁለት ጀርባውን እያየች ወረደች። ምላሷን ነቅላ ልትጥለው ቃጣት፤ ግን እሱን የምትጠራበት ድምፅ አልተፈቀደላትም።

* * *

የዲክሰን የጭነት መኪና ግቢው ውስጥ ቆሟል። ድንች እያመላለሰ የሚኖር፣ ሰውነቱ የሞላ፣ ጫማውን የሚወለውል ሰው ነው። ለድግሱ ስኳር ይዞ መጥቷል።

«ሚስቴ!» አለ ገና ሳይወርድ።

የባል ታናሽ ወንድም የወንድሙን ሚስት «ሚስቴ» ብሎ መቀለድ ወግ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ባሏ ሲሞት ቀልዱ አብሮት ተቀበረና ቃሉ ብቻ ቀረ።

ራቪሮ ተንበርክካ እጇን አጨብጭባ ሰላምታ ሰጠች፣ እንደ ደንቡ። ብቅሉን ወደ ማበጠሩ ስትመለስ ዲክሰን መጥቶ ከፊቷ ተቀመጠ።

«ስሚኝማ፣ የናካይ እናት። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።»

«አይደለህም።»

እውነቷን ነው። ያስፈራትም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ትጠላውና ያርፍላት ነበር።

«ሙታሬ ያለችው ሚስቴም እሺ ብላለች። በወር አንዴ ሁለቴ እመጣለሁ። ጣሪያው ያፈሳል፣ አስጠግነዋለሁ። ናካይን አስተምራታለሁ። ምን ጎደለሽ?»

«ምንም።»

«አንድ ነገር ብቻ። የወፉ ነገር ይቀራል። ሚስቴ የፈረንጅ ቂጥ እየተከተለች ኮረብታ ለኮረብታ አትዞርም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ የሻይ ለቃሚ ልጅም ዓይኑን ይሰብስብ። ሰምቻለሁ።»

ወንፊቱ እጇ ላይ ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«ቤተሰብ ዓይን የለውም ብለሽ ነው?»

ይህን ብሎ ዞር አለ። ዓይኑ ያረፈው የቴቴ ጎጆ ላይ ነው። ቴቴ ደጃፏ ላይ እግሯን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ አፏ ግማሽ ተከፍቷል፣ ተኝታ ይሁን ዓይኗን እያሳረፈች አይታወቅም።

ራቪሮ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ዱላ፣ ያ ሁሉ «ወንድ ወንድ ነው»፤ ለካ አሮጊቷ ወፍ ሳይሆን እሷን ስታይ ነው የከረመችው! አይታ አይታ አሳልፋ ሸጠቻት። 

ዲክሰን ሲሄድ ናካይ እየሮጠች መጥታ ጀርባዋ ላይ ተንጠለጠለች። የወላለቁ የፊት ጥርሶቿን እያሳየች ጠየቀች።

«እማዬ፣ ጥቁሩን ስታወልቂ ምን ዓይነት ትለብሻለሽ?»

«የሚሰጡኝን።»

«አንቺ የትኛውን ትወጃለሽ?»

ራቪሮ ለማሰብ ሞከረች። ሰማያዊ ልትል አፏ ደረሰና ተወችው። መውደድ የሚባለውን ነገር እንኳ ልጇ ፊት ለመጥራት ፈራች።

* * *

የድግሱ ቀን ሴቶቹ ጠዋት ወንዝ ወስደው አጠቧት። ጥቁሩ ቀሚስ ከቤቱ ጀርባ ተቃጠለ። ዲክሰን የገዛው ቢጫ ቀሚስ ወጣና አለበሷት፤ በወገቧም በደረቷም ልክክ አለ። ሴቶቹ እጃቸውን አጨበጨቡ። ራቪሮ ግን ልኬን ማን ነገረው ብላ አሰበች። ማንም አልነገረውም። ዓይኑ ነው የለካት። ቀሚሱ ቆዳዋ ላይ ያረፈ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

ግቢው ሞልቷል። ከበሮው ይመታል፣ ጠላው ይዞራል። ምንጣፉ ላይ ዲክሰን ሸሚዙን ተኩሶ ተቀምጧል። አጠገቡ ጠዋት ጠጥቶ አሁን የሚያንጎላጅ አንድ የአጎቱ ልጅ አለ። ከምንጣፉ ዳር፣ ሴቶቹ ጋር አልቀመጥም ብላ ወንበር ያስመጣች ቴቴ ኤሜሬንሲያ ካፖርቷን እንደደረበች ጉብ ብላለች። ሥርዓቱን የሚመሩት ትልቁ አጎት ገበታውን ለራቪሮ ሰጡ።

«ልጄ፣ ቤቱ ያንቺ ነው። ለልብሽ ስጪ።»

ለልብሽ! ልቧ የሻይ እርሻው ሰፈር ነው ያለው፣ እቃውን እየሸከፈ።

ውሃው በገበታው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ከበሮው ዝም አለ። ዲክሰን እጁን ከጉልበቱ ላይ ግማሽ አንስቷል፤ ወደፊትም አልዘረጋ፣ ወደኋላም አልመለሰ። ከዚህ ሕዝብ መሐል ናካይን አውራ ጣቷን ስትጠባ አየቻት። ገበታውን መሬት አስቀምጣ በሩን ከፍታ ብትወጣ ማንም አይዛትም። ያቺ ብቻ ናት የያዘቻት፣ ያውም ሳትነካት።

ዲክሰን ፊት ደረሰች። ሽቶው ሸተታት። አለፈችው።

 የሚያንጎላጀውንም አለፈችው፤ አልነቃም። ወንበሩ ጋ ደርሳ ተንበረከከችና ገበታውን ለቴቴ ኤሜሬንሲያ ዘረጋች።

ቴቴ እጇን ከካፖርቱ አላወጣችም።

«ተሳሳትሽ እንዴ? ወንዶቹ ወዲያ ናቸው።»

«አልተሳሳትኩም፣ ቴቴ።»

«አንቺ እኮ ትጠይኛለሽ።»

ዓመት ሙሉ ያልተነሳ ድምፅ ከየት እንደመጣ ራቪሮ አታውቅም። «እጠላዎታለሁ» አለች።

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። አጎት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቴቴ ግን ደስ ያላት መሰለች።

«ምን አድርጌሽ?»

«ዓይኔ የት እንደሚያርፍ ሲያዩ ከርመው ለዲክሰን ነገሩት። ሸጡኝ።»

«እኔ? ለዚህ ለድንች ሻጭ?» ቴቴ ወደ ዲክሰን ዞረች። «አንተ ልጅ! ንፍጥህን የጠረግኩልህ እኔ ነኝ፣ አሁንም ልጠርግልህ ነው። ማን ነው የነገረህ?»

ዲክሰን መሬት መሬት አየ። «ጭነት የሚያወርዱት ልጆች ናቸው።»

«እኔን ጠይቀኸኝ አልነበር? ምን አልኩህ?»

«'እኔ ወፍ ነው የማየው' አሉኝ።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ራቪሮ ብቻ አልሳቀችም። ዓመት ሙሉ የተሸከመችው ጥላቻ ባንድ ጊዜ ማረፊያ አጣባት። ገበታው ተዘንብሎ ውሃው በጠርዙ ፈሰሰ።

ሳቁ ሲበርድ ቴቴ ጎንበስ ብላ ፊቷን አቀረበች። «እንግዲህ ሳታውቂ ነው ወደ እኔ የመጣሽው። እየጠላሽኝ። ለምን?»

«እርስዎ ሲመሽ በሬን አያንኳኩም» አለች ራቪሮ።

አሁን የሚስቅ አልነበረም።

«ልጄን ትቼ መሄድ አልችልም። ልጄን ይዤ መሄድ አልችልም። ዲክሰን ክፉ ሰው አይደለም፣ ሁሉም ይስማኝ፣ ክፉ አይደለም። ክፉ ስላልሆነ ነው የፈራሁት። ቀስ እያልኩ እለምደዋለሁ። ጣሪያው ይጠገናል፣ ሌላ ልጅ ይመጣል፣ አንድ ቀን እስቃለሁ፤ ያን ጊዜ እኔ የምባለው ሰው የት እንደገባች የሚጠይቅ አይኖርም። መልመዱን ነው የፈራሁት፣ ቴቴ። እርስዎን ግን መቼም አልለምድዎትም።»

«ኤሜሬንሲያ» አሉ አጎት በለሆሳስ፣ «ወጉ አክስትንም ይፈቅዳል። ወይ ታጠቢ ወይ መልሺው።»

ቴቴ ገበታውን አየች። እሷም ልጅ አልወለደችም ተብላ ከባሏ ቤት የተመለሰች ሴት ናት፤ ማንም ውሃ ሰጥቷት አያውቅም። አፍንጫዋን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገች፤ ሱረቱ ይሁን ሌላ እንጃ።

«ከታጠብኩ ባልሽ እኔ ነኝ። ከዚህ ግቢ ያለ እኔ ፈቃድ ንቅንቅ የለም።»

«አውቃለሁ።»

«አስቸጋሪ ባል ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

ቴቴ እጅጌዋን ሰበሰበች። የተጨማደዱ እጆቿን ውሃው ውስጥ ከተተች፤ ቸኩላ አይደለም፣ እስከ ክርኗ ድረስ፣ እያንዳንዱን ጣት እየፈተገች። እልልታው ቀለጠ። ከሸለቆው ማዶ እስከ ሻይ እርሻው ሰፈር ድረስ እንደሚሰማ ራቪሮ አወቀች። አንድ ሰው እዚያ ቆሞ ይህን እልልታ ሰምቶ ምን እንደሚያስብም አወቀች። ተንበርክካ እንዳለች አለቀሰች። ሴቶቹ የደስታ መስሏቸው አብረዋት አለቀሱ።

* * *

በማግስቱ ጠዋት አርሊንዶ ቦርሳውን አንግቶ ከግቢው በር ውጭ ቆመ። የወፍ ማያውን መነፅር ሊመልስ ነው የመጣው፣ እንደ አመሉ ምክንያት ይዞ። ራቪሮ ፍየሎቹን ልታወጣ በሩን ከፍታለች። ቢጫውን ቀሚስ አየው። እጁን አጋጥሞ አጨበጨበና ከወገቡ ዝቅ አለ፣ ለሰው ሚስት እንደሚደረገው።

«እንኳን ደስ ያለዎት።»

«እርስዎ» ብሏት አያውቅም። በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር።

«እልልታውን ሰማሁ» አለ መሬት እያየ። «ዲክሰን ደህና ሰው ነው ይባላል። ያ 'ማን አለህ' ያልሽኝ… ያሉኝ… እውነት ነበር። ቂም የለኝም።»

«ቂም የለህም?» አለች ራቪሮ። «እኔ ግን አለኝ! አንዲት ክፉ ቃል ሰምተህ ያን ሁሉ ቁልቁለት ጀርባህን ሰጠኸኝ። አልዞርክም! ማን አለህ ስልህ፣ እኔስ ማን አለኝ ማለቴ እንደሆነ አላወቅህም?»

«ማነው ጠዋት ጠዋት ሚስቴን የሚያናግር?»

ቴቴ ኤሜሬንሲያ ከጎጆዋ ወጣች፣ ዱላዋን እያስቀደመች። አርሊንዶ አንዴ እሷን አንዴ ራቪሮን አየ።

«ምን ታፈጣለህ? ውሃውን የታጠብኩት እኔ ነኝ። ባሏ እኔ ነኝ። ቅናተኛ ነኝ።»

ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ሲረዳ ቦርሳው ከትከሻው ተንሸራተተና ክንዱ ላይ ቀረ።

«እስቲ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ አንተ የወፍ ልጅ» አለች ቴቴ። «ወገን የሌለው፣ የሚልከው ሽማግሌ የሌለው ወንድ እኛ ዘንድ እንዴት ነው የሚያገባው?»

አርሊንዶ ፊቱ ቀላ። «በጉልበቱ። ሴቲቱ ቤት ገብቶ፣ እያረሰ፣ እየታዘዘ።»

«ሰውስ ምን ይለዋል?»

«ያገባ አይሉትም። የተገባ ይሉታል።»

«ልጆቹስ የማን ናቸው?»

«የቤቱ።»

«እንግዲህ ታውቀዋለህ። እኔ እርሻ አለኝ፣ ጉልበት የለኝም። ዝናቡ ሊመጣ ነው። ጎጆ ትሠራለህ፣ ከኔ ጎጆ ፊት ለፊት፣ እንዳይህ። የፍየል ወር እስኪያልፍ እሷን በጣትህ አትነካትም። ሰው ይስቅብሃል፤ ዲክሰን ሲመጣ ተነስተህ ወንበር ትለቃለህ። ሌላ የምሰጥህ የለኝም። ይህን ካልወደድክ አውቶቡሱ እዚያ ይቆማል።» ይህን ብላ ለፍየል እንደሚሉት «እሽ!» አለችና ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች። ራቅ አላለችም።

አርሊንዶ ወደ ራቪሮ ዞረ። ያን የሰልፍ እይታ ሳይሆን፣ ሰው ሳይጋርደው፣ በቅርብ።

«ምን ልበል?»

ራቪሮ ከኋላው ያለውን መንገድ አየች። ቀዩ ኮረብታ አለ፣ ከዚያ ቆላው፣ ከዚያ የቤት ቁልፍ ይዞ የሚጠብቀው ጫካ። ራሱን ችሎ ሰው የሚባልበት አገር።

«ሂድ» አለችው።

«ራቪሮ…»

«ሂድልኝ፣ አርሊንዶ። አንተ ውጭ ነህ። እዚህ ከገባህ እንደኔ ነው የምትሆነው። ድምፅህን ታጣለህ። ሲስቁብህ እኔ ቆሜ ልመለከት ነው። አልችልም።»

«ሂድ የምትይኝ ስለማትፈልጊኝ ነው?»

«ስለምፈልግህ ነው!»

ጮኸች። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ናካይ ከቤት ብቅ አለች። ቴቴ ሳትዞር «እሰይ፣ ድምፅ አላት ለካ» አለች።

 ከሩቅ የአውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማ፤ የአርሊንዶ ትከሻ ሲነቃ ራቪሮ አየች፣ ወደዚያ ሊዞር ሲል ሁሉ አየች። ከዚያ ጎንበስ አለ፣ ጫማውን አወለቀና ቦርሳውን ከበሩ ወዲህ፣ ግቢው ውስጥ አስቀመጠ። በባዶ እግሩ ቦርሳውን ተከትሎ ገባ።

ዓመት ሙሉ ስታልም የከረመችው ሌላ ነበር። አንድ ጠዋት መጥቶ እጇን ይዞ ሲያወጣት ነበር የምታልመው፣ እሷና ልጇን፣ ሮጠው። አሁን መጥቷል፤ ሊያወጣት ግን አይደለም። ልቧ በደስታ ሲዘል ይሰማታል፤ በዚያው ልክ ያማታል። ሰርቃ ያመጣችው ያህል አፈረች።

«ፍየሎቹ!» ብላ ጮኸች ቴቴ። «አንቺ፣ ፍየሎቹ ሊወጡ ነው!»

ራቪሮ ሮጣ በሩን ገፋች። መቀርቀሪያውን ከኋላው የዘጋችው እሷው ናት። እጇን ከብረቱ ላይ ማንሳት አቃታት፤ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ፣ አርሊንዶ ባዶ እግሩን አፈሩ ላይ እየጎተተ ወደሷ ሲመጣ እየሰማች፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ከውስጧ ሲወጣ ዝም ብላ ለቀቀችው።